የእኔ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ለሰርግ የጎረቤት ሐብል ተውሳ ስለምትሄድ ሴት ነው። ጌጡ አንገቷ ላይ ያብረቀርቃል፤ ያየ ሁሉ የሷ ይመስለዋል፤ እሷ ግን በማግሥቱ መልሳ እንደምታስረክበው ታውቃለች። እኔ ዛሬ ይህን ተረት ከአንገት አውርጄ ወደ ኪሳችን ላስገባው እፈልጋለሁ። በስልካችን ሺህ ዘፈን አለን እንላለን። መጽሐፍ አለን፣ የእናት የአባታችን ፎቶግራፍና ድምፅ አለን እንላለን። «አለን» ማለታችን ግን እውነት ነው ወይ? ወይስ እኛም የተዋስነውን ጌጥ አድርገን ነው የምንዞረው? እንዲያውም የእኛ ይብሳል። ሴትየዋ መቼ እንደምትመልስ ታውቃለች፤ እኛ መቼ እንደሚወሰድብን አናውቅም።

ጥያቄውን ያስነሣው በእኛ ዕድሜ ባሉ ወጣቶች መካከል የሚታየው ነገር ነው። ሰው ወደ አሮጌው ዕቃ እየተመለሰ ነው። አሜሪካን አገር በ2022 እ.ኤ.አ. 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ ግን 33 ሚሊዮን ያህል ነበር። ሸክላ በቁጥር ከሲዲ ሲበልጥ ከ1987 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነው። እኛም ዘንድ የአባቱን ቴፕ አቧራ አራግፎ ወደ ክፍሉ ያመጣ ተማሪ አለ፤ ዘፈኑን በሚሞሪ፣ መጽሐፉን በወረቀት ካልያዘ የማይረካም አለ። ይህን አይቶ የሚሥቅ ብዙ ነው። «ዓለም ወደ ፊት ሲሮጥ እናንተ ወደ ኋላ!» ይላል። ፋሽን ነው የሚልም አለ፤ የሰነፍ ናፍቆት ነው የሚልም አለ። ከፊሉ ፋሽን መሆኑን አልክድም። ቴፕ አጠገቡ አስቀምጦ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ዘፈኑን ከስልክ የሚሰማ ሞልቷል። ነገር ግን ከፋሽኑ ሥር ሊናቅ የማይገባው የሞራል ጥያቄ አለ፤ እሱን እንመርምር።

እስቲ ከሕግ እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1204 ስለ ባለቤትነት ሲናገር፣ ሰው በግዙፍ ነገር ላይ ሊኖረው ከሚችለው መብት ሁሉ ሰፊው ባለቤትነት ነው ይላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ባለቤት በንብረቱ ሊጠቀም፣ ፍሬውን ሊበላ፣ በዋጋ ወይም ያለ ዋጋ ለሌላ ሊያስተላልፈው፣ ሲሞትም ሊያወርሰው እንደሚችል ያስረዳል። ልብ በሉ! ሕጉ መጠቀምን ብቻ ጠቅሶ አላቆመም። መጠቀም ለተከራይም ለተዋሰም ተፈቅዷል። ባለቤትን ከተከራይ የሚለየው ለሌላ መስጠትና ማውረስ መቻሉ ነው።

ይህን ልዩነት ከሕግ ተማሪ ይልቅ የአጋርፋ ገበሬ ያውቀዋል። ከሮቤ ወደ አጋርፋ ስንዴውንና ገብሱን ግራና ቀኝ እያየ የሄደ ሰው መሬቱ ለዘላለም የአራሹ የነበረ ሊመስለው ይችላል። የባሌ ሽማግሌዎች ግን ጭሰኝነትን ያስታውሳሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተነሥቶ እስከ 1962 ዓ.ም. ለዘለቀው፣ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ ለነበሩበት የባሌ ገበሬዎች አመፅ፣ የመሬትና የግብር ጥያቄ አንዱ ምክንያት ነበረ። ጭሰኛ ያርሳል፤ ይዘራል፤ ያጭዳል። እጁ ከመሬቱ ላይ ተለይቶ አያውቅም። ቢሆንም «ተነሣ» ሲባል ይነሣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አጠፋ። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ገበሬው በእጁ ያለው የይዞታ መብት ነው፤ ደብተር አለው፤ ለቤተሰቡ ያወርሳል። ስለዚህ ገበሬውን ብትጠይቁት ጭሰኝነትን፣ ይዞታንና ባለቤትነትን ሳያምታታ ለያይቶ ይነግራችኋል። እኛ የተማርነው ግን «ግዛ» የሚል ጽሑፍ ስልካችን ላይ ስናይ የገዛን ይመስለናል።

ምን ገዛን? በየወሩ እየከፈልን ከኢንተርኔት የምንሰማውን ዘፈን ትተን፣ አንድ ጊዜ በሙሉ ዋጋ ገዛነው የምንለውን መጽሐፍ እንኳ እንውሰድ። ማንም የማያነበው ያ ረጅም ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚለው የተሸጠልን ዕቃው ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ነው። በሦስት ጥያቄ እንፈትነው። ለጓደኛዬ ላውሰው እችላለሁ? አልችልም። አንብቤ ስጨርስ ለወንድሜ ልስጠው? አይሆንም። ስሞት ለልጄ ይቀራል? የይለፍ ቃሉ አብሮኝ ይቀበራል። በሕግ ሚዛን ሲታይ እንግዲህ እኛ ባለቤቶች አይደለንም፤ ለማውረስ መብት እንኳ ከአጋርፋው ባለይዞታ እናንሳለን። «ጭሰኛ ሆንን» ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ጭሰኛ ሲባረር እንጀራውን ነበር የሚያጣው። ነገር ግን የግንኙነቱ ቅርጽ ይመሳሰላል። እንደ ጭሰኛው የምንከፍለው እኛ ነን፤ የምንነሣበትን ቀን የሚቆርጠው ግን ሌላ ነው።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኪንድል መሣሪያው ለሰዎች ሸጧቸው የነበሩ የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ምክንያቱ መጻሕፍቱን ያቀረበው ሻጭ የመሸጥ መብት ስላልነበረው ነው ተባለ፤ ገንዘቡም ተመለሰ። ከጠፉት አንዱ «1984» ነው፤ መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ ወደ እሳት ስለሚያስገባበት ዓለም የተጻፈው መጽሐፍ! አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለትምህርቱ የጻፈው ማስታወሻ ከመጽሐፉ ተለይቶ ከንቱ ስለቀረበት ኩባንያውን ከሰሰ፤ ነገሩም በስምምነት አለቀ። የኩባንያው አለቃ ይቅርታ ጠየቀ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ ከገዢዎቹ እጅ ጠፉ፤ እዚህም ገንዘብ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ማይስፔስ የተባለው ድርጅት ሰዎች ለዓመታት ያስቀመጡበት ሙዚቃ ዕቃ ሲያዛውር እንደጠፋበት ተናገረ፤ ያኔ የሚመለስ ገንዘብም አልነበረም። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ፈቃድ ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ይህንኑ ሳይገልጽ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ከልክሏል። ሕጉ ሌብነቱን አላስቀረም የሚል ይኖራል። ቢያንስ ግን ቃሉን ወደ ቦታው መልሷል።

እኛ አገር ደግሞ መዝጊያው ሌላ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግሥቱ የአገሩ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ቆየ። የመዝጋቱ ውሳኔ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ አላነሣውም። እኔ የማነሣው አንድ ቀላል ነገር ነው። ሰው ሲሞት ድምፁን መስማት የለቅሶው አንድ ክፍል ነው፤ የሟቹ ድምፅ በዜማ የቀረ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በዚያ ሳምንት በባሌም ሆነ በሌላው አገር ዘፈኑን በሚሞሪ ወይም በካሴት የያዘ ሰው ሰማው፤ ጎረቤቱንም አሰማ። «ስፈልግ ከኢንተርኔት እሰማዋለሁ» ይል የነበረው ግን ከሁሉ ይልቅ በፈለገበት ቀን ሊሰማው አልቻለም። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል፣ አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ለብዙ ወራት እንዲሁ ሆነዋል። በእነዚያ ወራት ከሰው እጅ ያልጠፋው በእጅ የተያዘው ነው።

«እሺ፤ ይሁን» ይላል ተቃዋሚ፤ «ነገር ግን አሮጌው ዕቃ የማን ነበረ? ድሮ ቴፕ ያለው ስንት ሰው ነበር? ዛሬ የደሃ ልጅ ባንድ ርካሽ ስልክ የዓለምን ሙዚቃ ይሰማል፤ አንተ ይህን ነጥቀህ ካሴት ግዛ ልትለው ነው?» ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ በቀልድም አይታለፍም። እውነት ነው፤ በወላጆቻችን ዘመን ባንድ መንደር ቴፕ ያለው ቤት የሚቆጠር ነበር። የባትሪ ድንጋይ ራሱ ውድ ነበር፤ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ መልሶ ይገባ ነበር። ዛሬ ከአጋርፋ ሳይወጣ በኢንተርኔት ትምህርቱን የሚያጠና ልጅ አለ፤ ያን በር ዝጉ የሚል ሰው ጠላቱ ነው። እኔ ግን በሩን ዝጉ አላልኩም። ያልኩት በርና ቤት አንድ አይደሉም ነው። በበሩ ገብተን ያየነው ሁሉ ቤታችን ያለ አይምሰለን። ደግሞም ያ አንድ ቴፕ ያለው ቤት ምን ያደርግ እንደነበር እንርሳ? መስኮቱን ከፍቶ ለሰፈሩ ያሰማ ነበረ። ዛሬ ሁላችንም ስልክ አለን፤ ሁላችንም በጆሮ ማዳመጫ ነን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአርቲስቱ ወገን የሚመጣ ነው። «በሚሞሪ አስጭኜ ያዝኩት» የምትለው ዘፈን ከማን ገዛኸው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ መገልበጡን አይከለክልም፤ ሱቅ ከፍቶ የሰውን ድካም እየጫኑ መሸጥን ግን ይከለክላል። ስንት ድምፃዊ ዘፈኑ በየታክሲው እየተሰማ የቤት ኪራይ ያጣ አለ! በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ በስልክ ላይ የከፈቱት ይህን በደል ለማቃለል ነበር። እንግዲህ አዲሱ መሣሪያ ሁልጊዜ የነጣቂ መሣሪያ አይደለም፤ ለባለሙያው ድርሻውን ማድረሻም ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ አቋሜ ግልጽ ነው፤ የዘፋኙን ባለቤትነት ረግጬ የራሴን ባለቤትነት ማቆም አልችልም። ዋጋውን ልክፈል፤ ከከፈልኩ በኋላ ግን ዕቃው በእጄ ይግባ። ሁለቱ አይጣሉም። ካሴት የሚሸጥበት ዘመን እኮ እንዲህ ነበር፤ ገንዘቡ ወደዚያ፣ ካሴቱ ወደዚህ።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ዕቃ ይጠፋል» የሚል ነው። አዎን፤ ይጠፋል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ተብሏል። ካሴት ቴፕ ውስጥ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ ያላጠነጠነ የአባቶቻችን ትውልድ ማን አለ? ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ወረቀት አይጥ ይበላዋል፤ የባሌ ደጋ እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል። ከዚያም የከፋ አለ። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር የዘረፋቸው በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ግዙፍ ዕቃዎች ነበሩ፤ ዛሬ 350 ያህሉ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ብዙዎቹ ብራናዎቻችን መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ ውጉዝ ይሁን የሚል ቃል ይጻፍባቸዋል፤ ግዝቱ ወታደር አላስቆመም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ስንት ቤተሰብ አሰሳ ፈርቶ የገዛ መጽሐፉንና ወረቀቱን አቃጠለ፤ ጓሮ ቀበረ! እንግዲህ በእጅ መያዝ ብቻውን መዳኛ አይደለም፤ አንዳንዴ አደጋውም እሱው ነው።

ነገር ግን ከዚሁ ታሪክ ውስጥ የምናወጣው ልዩነት አለ። ያን ጊዜ መጽሐፉን ለመውሰድ ደጅህን ማንኳኳት ግድ ነበር። ሰው መላክ፣ ቤት መፈተሽ፣ ፊትህን ማየት ያስፈልግ ነበር። አንድ ቤት ቢያዝ ሌላው ቤት ቅጂው ይተርፍ ነበር። በኅዳር 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ወጣ። በሚቀጥለው ወር የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ዘመኑ ለወረቀት የሚራራ አልነበረም። ጽሑፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ዛሬም ይነበባል፤ የሚያመሰግነውም የሚወቅሰውም በእጁ ይዞት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ ሁሉም ከሩቅ የሚያነበው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ባንድ ሌሊት ሊያጠፋው በቻለ ነበር፤ አንባቢውም መጥፋቱን እንኳ ላያውቅ ይችል ነበር።

የሙዚቃችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የሸክላ ማሳተም ሥራ ሲጀምር ያ ሥራ በመንግሥት ፈቃድ ለአንድ ተቋም ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ገባበት፤ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስም ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። አሊ አብደላ ካይፋም በዚያው መንገድ ሠራ። ከዚያ ካሴት ሸክላን ተካው። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ሰው በጊዜ ቤቱ ሲገባ ሙዚቃው በካሴት አብሮት ገባ። ኋላ የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሥራ እነዚያን የቆዩ ዜማዎች ለዓለም ሲያሰማ፣ ዓለም ተደነቀ። ይህ ሊሆን የቻለው ሸክላውና የተቀዳበት ክር በሆነ ሰው እጅ ስለቆየ ነው። እዚህ ላይ ግን መራራውን ክፍል አንለፈው። ዛሬ የዚያ ዘመን ሸክላ ውጭ አገር በውድ ዋጋ ይፈለጋል። አያቱ ያኖሩትን ሸክላ ምንነቱን ሳያጣራ በርካሽ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ገዝቶም ቆልፎበት ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቅ አለ። የመጀመሪያው የያዘውን አላወቀም፤ ሁለተኛው ያወቀው ዋጋውን ብቻ ነው። ሁለቱም በሕግ ባለቤት ነበሩ። ታዲያ ሕጋዊ ባለቤትነት ብቻውን ምን ያህል ያራምደናል?

ወደ ጉዳዬ እምብርት ደረስሁ። አጋርፋ ውስጥ በማውቀው አንድ ቤት አንድ ካሴት አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዓረብ አገር ለሄደ ልጅ የተቀዳ የድምፅ ደብዳቤ ነው፤ ያን ጊዜ መጻፍ የማይችሉ እናቶች እንዲህ ነበር ደብዳቤ የሚልኩት። ልጁ ሲመለስ ካሴቱን ይዞት መጣ። አሮጊቷ በኦሮምኛ ሰላምታ ያቀርባሉ፤ ስለ ላሟ ይነግሩታል፤ ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ እንደመታው ይነግሩታል፤ «ብላ፤ አትክሳ» ይላሉ፤ ዶሮ ይጮኻል። ማንም ዘፈን እንዳይቀዳበት በካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ ክዳኖች ተሰብረዋል። አሮጊቷን አይተው የማያውቁ የልጅ ልጆች ድምፃቸውን ያውቃሉ። አንድ የማውቀው ተማሪ ደግሞ አለ፤ አባቱ በስልክ የላኩለት የድምፅ መልእክቶች ባንድ መተግበሪያ ውስጥ ነበሩ። አባቱ ሞቱ። ልጁ ስልኩ ተሰረቀ፤ ቁጥሩን በጊዜው ሳያወጣ ቀርቶ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ መዝገቡም ተቆለፈበት። ለድርጅቱ ጻፈ፤ መልሱ ማሽን የጻፈው ምስጋና ነበር። ድምፁ ምናልባት እስከ ዛሬ በሆነ አገር በሆነ ማሽን ውስጥ ይኖር ይሆናል። ልጁ ዘንድ ግን የለም።

ካሴቱን ግን ተአምር አናድርገው። ቴፑ ጎማው ተበጥሶ ለዓመታት ማንም አልሰማውም ነበር። በመጨረሻ ሮቤ ያለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ከሞተ ቴፕ ጎማ አውጥቶ አስነሣው። ቤተሰቡም ያኔ ድምፁን ወደ ስልክ ቀዳው፤ በሁለት ፍላሽ አኖረው፤ አንዱን ፍላሽ ጎባ ላለች እህት ሰጠ። ልብ በሉ፤ ያዳነው አሮጌው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ አዲሱም ብቻ አይደለም። ያዳነው «ይህ የእኔ ኀላፊነት ነው» ያለ ሰውና መጠገን የሚያውቅ እጅ ነው።

ይህ ወደ አንድ የቆየ ቃላችን ይመልሰኛል፤ እሱም አደራ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እንላለን። አደራ ከባለቤትነት ያንሳል፤ ይበልጣልም። ያንሳል፤ እንደፈለግሁ ላጠፋው አልችልምና። ይበልጣል፤ ከእኔ በፊት የነበረውንና ከእኔ በኋላ የሚመጣውን ያያይዛልና። የአያት ድምፅ፣ ያገር ዘፈን፣ የጓደኛ ደብዳቤ፣ ሐሳባችንን የለወጠ መጽሐፍ በመሠረቱ ንብረት አይደሉም፤ አደራ ናቸው። አደራ ደግሞ አንድ የማይቀር ሁኔታ አለው፤ ማስረከብ መቻል አለብኝ። ላስረክበው የማልችለውን ነገር ቀድሞውንም አልተረከብሁትም። በኪራይ ያለውን ዜማ ልወደው እችላለሁ፤ ላለቅስበት እችላለሁ፤ አደራ ልቀበልበት ግን አልችልም፤ ለማን፣ በምን እጄ አስረክበዋለሁ? እንግዲህ በእጅ መያዝ የሚያስፈልገን ለስስት አይደለም። ለመስጠት ነው። ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው ከዚያ ከሩቅ ሆኖ ከሚያጠፋው ኩባንያ ብዙም አይለይም፤ የሁለቱም ፍጻሜ ሌላው ሰው አለመስማቱ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በደብተር ጽፈነዋል። ነገር ግን መውረስ የሚለው ግስ በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። ልጅ ከአባቱ ይወርሳል፤ መንግሥትም ይወርሳል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ወላጆቻችን የሰሙት ቃልና የውርስ ቃል አንድ ነው። ለእኔ የዘመናችን ጥያቄ ባጭሩ ይኸው ነው፤ የምንሰማውና የምናነበው ነገር በየትኛው ትርጕም ይወረስ? ልጆቻችን ይውረሱት ወይስ ከልጆቻችን ይወረስ? በዝምታ የተውነው ነገር ሁሉ በሁለተኛው ትርጕም ያልቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁሉን ነገር በካሴት ያዙ የሚል ሞኝ ምክር የለኝም። የዶርም ሎከር ምን ያህል እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ የተማሪ ኪስም ምን ያህል እንደሆነ። የምንሰማው አብዛኛው ነገር ቢያልፍ አይጎዳንም፤ ይለፍ። ነገር ግን እያንዳንዳችን ብናጣው የምናፍርበት ጥቂት ነገር አለን፤ አምስት ዘፈን፣ ሦስት መጽሐፍ፣ የሁለት ሰው ድምፅ። እነዚህን እንለይ። ለባለሙያው ዋጋውን ከፍለን በእጃችን እናስገባ። ቅጂው አንድ ቦታ ብቻ እንዳይሆን። በላዩ ላይ የማን ድምፅ፣ መቼ፣ የት እንደተቀዳ እንጻፍበት፤ ስም የሌለው ፍላሽ ከጠፋ ፍላሽ አይሻልም። ዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ከሳጥን ሥር ያለውን ካሴት ሳይሻግት እናውጣ፤ አሁንም ቴፕ የሚጠግን ሰው በየከተማው ሳይጠፋ። እሱ ሲሞት ካሴቱ በእጃችን እያለ ዲዳ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናውስ። የተዋሰ ይመልስ፤ ያልመለሰም ቢሆን መጽሐፉ ቢያንስ በሰው እጅ ነው ያለው።

ይህ በማባዣ የተባዛ ወረቀት አሁን ከእጅህ ገብቷል። ቀለሙ ጣትህን ሳያቆሽሽ አይቀርም፤ ሁለተኛው ገጽም ደብዝዞ ይሆናል። ቢሆንም ያንተ ነው። ካልተስማማህበት ጠርዙ ላይ ተቃውሞህን ጻፍ፤ ከጻፍክ በኋላ ግን አታስቀምጠው፤ በጎንህ ላለው ተማሪ አሳልፍለት።